ጥሩው ማሽን ለምን ይወድቃል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ትንንሽ ሱቆችን ከጅምላ አከፋፋዮች ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ ሠርቷል። «ቲቸር፣ የእኛ ከሌሎቹ ይሻላል። ፈጣን ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ አይቆምም። ሱቆቹ ግን እየለቀቁን ነው። ምንድን ነው የጎደለን?» አለኝ።

እኔም ስለ ቪዲዮ ጌም ማሽን አወራሁለት። መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት ዝም አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ዝምታው ሌላ ዓይነት ሆነ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ይሄን ፌስቡክ ላይ ይጻፉት፣ ብዙ ሰው ያስፈልገዋል» አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ረጅም ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሴ ውድቀት ልጀምር።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ፍለጋ የምንከራተትበት ወቅት። እናታችን ቤት ወደ መንገድ የምትወጣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ያኔ ጌም ቤት የሚባለው ነገር በየሰፈሩ የሚፈላበት ዘመን ነው፤ የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። መጋረጃ የተጋረደበት በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቲቪ፣ ውጭ ድረስ የሚሰማ ጩኸት። እኔና ታናሽ ወንድሜም «ለምን እኛስ?» አልን።

የአጎታችን ልጅ ከዋሽንግተን ሊመጣ ሲል የጌም ማሽን እንዲያመጣልን ለመንነው። መጣ። ያመጣው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፕሌይስቴሽን አልነበረም። ድሪምካስት የሚባል፣ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ነጭ ማሽን ነው። «ከፕሌይስቴሽን ይበልጣል፤ ደግሞ በጣም ረክሷል፣ ከ100 ዶላር በታች ነው የገዛሁት» አለን። በደስታ ዘለልን። ጥሩ ዕቃ ድንገት ሲረክስ «ለምን ረከሰ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ያኔ አላወቅሁም።

እናቴ የዕቁብ ብሯ ደርሷት ነበር። ጣሪያ ልታስጠግንበት ያሰበችውን ገንዘብ ለእኛ ቲቪ ገዛችበት። ማሽኑ የአሜሪካ ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛን። መጀመሪያ ስንከፍተው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ቲቪ ጠጋኙ ጎረቤታችን መጥቶ የቲቪውን ሲስተም ቀየረልንና ቀለም መጣ። ምን ልበላችሁ፣ ሰፈሩ እንደዚያ ያለ ምስል አይቶ አያውቅም ነበር። ሶልካሊበር የሚባል የፍልሚያ ጨዋታ ስንከፍት ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሁሉም አይተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ኳስ የለውም?»

የአጎታችን ልጅ ካመጣቸው ሲዲዎች አንዱ ላይ «ፉትቦል» የሚል ነገር ነበር። ከፈትነው። የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚያዘው፣ ባርኔጣ የሚደረግበት ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ልጆች ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ይዞ ተቀምጦ ነበር። አሮጌ ማሽን ነው። ሲዲ ማንበብ ሲያቅተው ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል። ምስሉ ከእኛ ጋር ሲወዳደር ያሳፍራል፤ የተጫዋቾቹ ፊት ካርቶን ይመስላል። ግን ዊኒንግ ኢለቨን አለው። ልጆቹ እኛ ጋ መጥተው በነፃ አይተው፣ ተደንቀው፣ ከዚያ እዚያ ሄደው 50 ሳንቲማቸውን ከፍለው ይጫወቱ ነበር። በአራተኛው ወር ዘጋን። እናቴ ማሽኑን በዳንቴል ሸፍና ቁምሳጥን ላይ ስታስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ዕቃውስ ጥሩ ነበር፤ ሰው የለውም እንጂ።»

ለዓመታት ጥፋቱን በሰፈሩ ልጆች ሳላክክ ኖርኩ። «ጥራት አይገባቸውም» እል ነበር። ኋላ ራሴ አስተማሪ ሆኜ የዚያን ማሽን ታሪክ ስከታተል ነው እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን የተረዳሁት። ማንንም አልከስም። እኛ ጌም ቤቱን ስንከፍት ድሪምካስት መቆሙ በዓለም ሁሉ ከታወቀ ወራት አልፈው ነበር። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ። አንድ የጌም ማሽን፣ ኮንሶል የሚባለው፣ ምን ሲሆን ይሳካል? ምን ሲሆንስ ይወድቃል?

ብዙ ሰው መልሱን ከሳጥኑ ውስጥ ይፈልገዋል። የቱ ፈጣን ነው? የቱ የተሻለ ምስል አለው? ይሄ ምንም ዋጋ የለውም አልልም። ግን ኮንሶል እንደ ፍሪጅ አይደለም። ፍሪጅ ስትገዙ ዕቃው በእጃችሁ ገባ፣ አለቀ። ኮንሶል ስትገዙ የምትገዙት ገና ያልመጣ ነገር ነው፤ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ይሠሩለታል ብላችሁ የምታስቧቸውን ጨዋታዎች። ጨዋታ የሚሠራው ኩባንያ ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠራው ማሽኑን ገና ያልገዙ ሰዎች ይገዙታል ብሎ ነው። ባለ ሱቁ መደርደሪያውን የሚለቅለት ሁለቱም ይመጣሉ ብሎ ነው። አምራቹ ራሱ ብዙ ጊዜ ሳጥኑን በኪሳራ ወይም በትንሽ ትርፍ ይሸጥና ትርፉን ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ በሚቀበለው ክፍያ ያገኛል።

ይሄ ነገር ምንድን ነው? ዕቁብ ነው! ሁሉም አስቀድሞ ይጥላል፣ ሁሉም በሌላው ተማምኖ ይጠብቃል፣ ዕጣው ኋላ ይወጣል። ዕቁብ በምኑ ነው የሚቆመው? በዳኛው ሀብት? በሚሰበሰቡበት ቤት ውበት? አይደለም። «ይሄ ዳኛ መሃል ላይ አይበትነንም» በሚል እምነት ነው። ኮንሶልም የሚቆመውና የሚወድቀው በዚህ ነው ባይ ነኝ። ሴጋ ያደረገውን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴጋ አሜሪካ ውስጥ ተአምር ሠርቶ ነበር። ገበያውን በሙሉ ይዞት የነበረውን ኒንቴንዶን ጀነሲስ በተባለው ማሽኑና ሶኒክ በተባለው ሰማያዊ ጃርት አንቀጠቀጠው። በ1990 የሴጋ አሜሪካን የተረከበው ቶም ካሊንስኪ ዋጋ ቀነሰ፣ ሶኒክን ከማሽኑ ጋር አብሮ ሰጠ፣ ኒንቴንዶን በማስታወቂያ በግልጽ ተተናኮለ። ወጣቱ ሁሉ የሴጋ ሆነ። ዕቁቡ ሞላ ማለት ነው።

ከዚያ ዳኛው መቅበጥበጥ ጀመረ። በ1992 ጀነሲስ ላይ የሚገጠም ሲዲ ማጫወቻ አሜሪካ አመጣ፤ ሰው ገዛ፤ ጥሩ ጨዋታ ጥቂት ብቻ ወጣለት። በኅዳር 1994 ደግሞ ያው ጀነሲስ ላይ የሚሰካ 32ኤክስ የሚባል ሌላ ዕቃ በ159 ዶላር አወጣ። ሰው ገዛ። በዚያው ወር ግን ጃፓን ውስጥ ሳተርን የተባለ ሙሉ በሙሉ አዲስ ማሽን መሸጥ ጀመረ! 32ኤክስ የገዛው ሰው ገና ካርቶኑን ሳይጥል ዕቃው አረጀበት። በመጨረሻም ለዚያ ዕቃ የተሠሩለት ጨዋታዎች 40 ገደማ ብቻ ሆነው ቀሩ። እስቲ ልጁ ለምኖት የገዛለትን አባት አስቡት። ሁለተኛ ለሴጋ ኪሱን ይከፍታል?

እሱ ገዢው ነው። ባለ ሱቆቹና ጨዋታ ሠሪዎቹ ደግሞ በአንድ ቀን ተራቸው ደረሰ።

ግንቦት 11 ቀን 1995፣ ሎስ አንጀለስ። ኢ3 ይባል የነበረው የጌም ኢንዱስትሪ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት ዓመት ነው። ሳተርን አሜሪካ ውስጥ መስከረም 2 ቀን እንደሚወጣ ሴጋ አስቀድሞ ተናግሯል። ሁሉም ሥራውን በዚያ ቀን ቀይሷል። ካሊንስኪ መድረክ ላይ ወጣና ሳተርን ዛሬውኑ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ዋጋው 399 ዶላር ነው አለ። ጃፓን ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ሶኒን ለመቅደም የወሰነው ውሳኔ ነው፤ ካሊንስኪ ራሱ አልተስማማበትም ነበር ይባላል።

ድንገተኛ ደስታ ይመስላል አይደል? አሁን ከውስጡ እዩት። ማሽኑ የተሰጠው ለአራት የሱቅ ሰንሰለቶች ብቻ ነው። የቀሩት ባለ ሱቆች፣ ለዓመታት ሴጋን ሲሸጡ የኖሩት፣ ጠዋት ተነስተው ተፎካካሪያቸው በር ላይ ሰልፍ አዩ። ኬቢ ቶይስ የተባለው ትልቅ የመጫወቻ ሱቅ ተቆጥቶ ሳተርንን አልሸጥም አለ። ጨዋታ ሠሪዎቹ ደግሞ ሥራቸውን ለመስከረም ነው ያቀዱት፤ በግንቦት ያለቀ ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ማሽኑ ሲወጣ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ጨዋታዎች 6 ብቻ ነበሩ። ጨዋታዎቹ በመስከረም ሲደርሱ ደግሞ የሴጋ ድንገቴ ተረስቷል፣ ፕሌይስቴሽን መጥቷል።

ያኑ ዕለት የሶኒው ስቲቭ ሬስ ንግግር ሊያደርግ ወደ መድረክ ወጣ። ሁሉም ረጅም ንግግር ይጠብቃል። አንድ ቁጥር ብቻ ተናገረ፦ «299»። ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሳተርን በ100 ዶላር ያነሰ ዋጋ ማለት ነው።

ሳተርን በቴክኒክ ደካማ አልነበረም። ሁለት ዋና ፕሮሰሰር ነበረው። ግን ሁለቱን አቀናጅቶ ማሠራት ለፕሮግራም ሠሪው ስቃይ ነበር፤ የሚያግዙ መሣሪያዎችም በቂ አልነበሩም። ሶኒ በተቃራኒው ማንኛውም ሲ የሚችል ሰው በቀላሉ የሚጀምርበትን መሣሪያ አዘጋጅቶ ሰጠ። ይሄም የእምነት ጉዳይ ነው፦ «ሥራህን አቀልልሃለሁ» ማለት ነው። መጨረሻው? ሳተርን በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን በታች ተሸጠ፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ።

የሚገርመው ገና ይመጣል። በ1997 የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ የነበረው በርኒ ስቶላር ሳተርን የኩባንያው የወደፊት ተስፋ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገረ። እውነቱን ነው። ግን ማሽኑ ገና እየተሸጠ ነው እኮ! ትናንት የገዛ ሰው አለ። ጨዋታ ሠርቶ ሊጨርስ ሁለት ወር የቀረው ኩባንያ አለ። ዳኛው ዕቁቡ መሃል ላይ ብድግ ብሎ «ይሄ ዕቁብ እንደማይሆን አውቄዋለሁ፣ በቅርብ ሌላ እንጀምራለን» ሲል አስቡት። በሚቀጥለው ማን ይጥላል?

አሁን ድሪምካስት ጋ ደረስን። ቁምሳጥን ላይ የተቀመጠው የእኔ ማሽን።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ሴጋ ተምሯል። ድሪምካስት ላይ ያለፈውን ስህተት አንድ በአንድ አርሟል። ለመሥራት ቀላል ነው። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 199 ዶላር ነው። ሞደም አብሮት የተሠራ ስለሆነ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ገብቶ መጫወት ይቻላል፤ ያኔ ለኮንሶል ይሄ ብርቅ ነው። መስከረም 9 ቀን 1999 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 18 ጨዋታዎች ይዞ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከ200 ሺህ በላይ ተሸጠ። ማንም የጌም ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥሩ ማሽን አልነበረም አይላችሁም።

ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያኔ ፊፋንና የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ማደን ያሳትም የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አንድም ጨዋታ አልሠራም። አንድም! ስቶላር በኋላ እንደተናገረው ኩባንያው የስፖርት ጨዋታ በድሪምካስት ላይ የእኔ ብቻ ይሁን ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ሴጋ ደግሞ የራሱን ስፖርት የሚሠራ ስቱዲዮ ገዝቶ ስለነበር እምቢ አለ። ሌሎች ምክንያቶችም ይነገራሉ። የእኔ አረዳድ ግን ይሄ ነው፦ አንድ ጊዜ ዕቁብ የተበተነበት ሰው ሁለተኛ ሲጠሩት ዋስ ይጠይቃል። ዋስ ከተከለከለ አይገባም። ዊኒንግ ኢለቨንን ይሠራ የነበረው ኮናሚም ያንን ጨዋታ ወደ ድሪምካስት አላመጣውም። ሴጋ ራሱ የሠራው የእግር ኳስ ጨዋታ ነበረ፤ የእኛ ሰፈር ልጆች የሚያውቁት ግን አልነበረም፣ የአጎታችን ልጅም አላመጣውም።

«ኳስ የለውም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይሄ ነበር። የተጻፈው እኛ በሩን ከመክፈታችን ከዓመታት በፊት ነው።

ገዢዎቹስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ይሄ ነው። ጥቅምት 2000 ፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጣ። በቂ ማሽን አልነበረም። ሰው ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። እዚያው ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ድሪምካስት በ149 ዶላር ተደርድሯል። በግማሽ ዋጋ! ብዙ ጨዋታ ይዞ! ሰዉ ግን ጠበቀ። ያልመጣውን ፕሌይስቴሽን ከመጣው ድሪምካስት መረጠ። እምነት ማለት ይሄ ነው። ሰው ሰልፍ የሚጠብቅላችሁ ነገ እንደምትኖሩ ሲያምን ነው።

በጥር 2001 ሴጋ ድሪምካስትን ማምረት እንደሚያቆምና ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ማሽን ጨዋታ ብቻ እንደሚሠራ አሳወቀ። የሴጋ ሊቀመንበር ኢሳኦ ኦካዋ ኩባንያው እንዳይሞት ከግል ሀብቱ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሰጥቶ በመጋቢት ወር አረፈ። የአንድ ሰው ሀብት ሴጋን ከመዘጋት አዳነው። የጠፋውን እምነት ግን አልመለሰውም።

ሶኒስ ለምን ታመነ? ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። ፕሌይስቴሽን ራሱ የተወለደው ከክህደት ነው። ሶኒና ኒንቴንዶ አብረው ሲዲ የሚያጫውት ማሽን ሊሠሩ ተዋውለው ነበር። በሰኔ 1991 ቺካጎ በተደረገ ትርኢት ሶኒ ማሽኑን ባሳወቀ ማግስት ኒንቴንዶ እዚያው ከፊሊፕስ ጋር እሠራለሁ ብሎ አወጀ። ሶኒ በአደባባይ ተዋረደ። ከዚያ ኬን ኩታራጊ የተባለው መሐንዲስ ፕሮጀክቱ እንዳይሞት ታገለ። ሶኒ ጨዋታ ስለማያውቅ ጨዋታ የሚያውቁትን መለመን ነበረበት፤ ልመናው ጠቀመው። ኒንቴንዶ ጨዋታ ሠሪዎችን በዓመት ስንት ጨዋታ ማውጣት እንደሚችሉ ሳይቀር ሲቆጣጠር፣ ካርትሪጁንም እሱ ብቻ አምርቶ በውድ ሲሸጥላቸው ኖሯል። ሶኒ በርካሽ የሚታተም ሲዲና የተሻለ ውል ይዞ ቀረበ። ናምኮ መጣ። ኒንቴንዶ በ1996 ባወጣው ማሽን ላይ አሁንም ካርትሪጅ አልለቅም ሲል ስኩዌር የተባለው ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 7ን ይዞ ወደ ፕሌይስቴሽን ገባ፤ ጨዋታው ሦስት ሲዲ ነበር፣ ካርትሪጅ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉም የወደድኩት ደግሞ ይሄን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ሲዲ ያጫውት ነበር። ለገዢው ምን ማለት ነው? «እስከ ዛሬ የጣልከው አይጠፋም።» ለዚያ ለ32ኤክሱ አባት ይሄን ቃል የነገረው አልነበረም።

አንዳንዶቻችሁ አሁን «ቲቸር፣ ነገሩ የገንዘብ ነው፤ ሶኒ ሀብታም ነበር፣ ሴጋ ደሃ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት አለው። ሴጋ ኪሱ ተራቁቶ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ፊልም ማጫወቱም ቀላል ነገር አልነበረም። ዋጋም ወሳኝ ነው፤ 299 ብሎ የወረደው ሰውዬ ምስክሬ ነው። ግን ገንዘብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማይክሮሶፍትን የሚያሸንፈው አልነበረም።

በ2013 የሆነውን እዩ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ካልተገናኘ አያጫውትም አለ። ያገለገለ ጨዋታ መሸጥና ማዋስ ላይም ገደብ አወጣ። እኔ ያን ጊዜ ዜናውን ሳነብ የሳቅሁት ሳቅ! መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ለኖርን ለእኛ በየቀኑ ፈቃድ የሚጠይቅ መጫወቻ ምን ያደርግልናል? ፈረንጆቹም ግን ተቆጡ። ሶኒ ወዲያው ከ30 ሰከንድ ያነሰች ቪዲዮ ለቀቀ፦ ጨዋታን ለጓደኛ እንዴት እንደሚያውሱ ማሳያ። አንዱ ሰውዬ ሲዲውን ያነሳል፣ ለሌላው ይሰጠዋል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሕጉን ሰረዘው። ግን ተነግሯል፤ ሰው ሰምቷል። ዋጋውም 499 ነበር፣ የሶኒው 399። ፕሌይስቴሽን 4 ከ110 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ማይክሮሶፍት የማሽኑን የሽያጭ ቁጥር መናገር ራሱ ተወ።

ጉልበትም ብቻውን አይደለም። የኒንቴንዶ ዊ በ2006 ሲወጣ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ደካማው ነበር፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ አያቶች ሳይቀሩ ተጫወቱበት። ተተኪው ዊ ዩ ከእሱ የበረታ ነበር፤ አዲስ ማሽን ይሁን የድሮው መለዋወጫ ለብዙ ሰው ግልጽ ሳይሆን ቀረ፣ ጨዋታ ሠሪዎችም ሸሹት፣ 14 ሚሊዮን ሳይሞላ ቀረ።

የተበላሸ እምነት አይጠገንም ማለቴም አይደለም። ይጠገናል፣ በውድ ዋጋ። ኤክስቦክስ 360 ቀይ መብራት እያበራ በብዛት ይሞት የነበረ ጊዜ ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበለት። ጥፋቱን አመነ፣ ከኪሱ ከፈለ፣ ሰውም ከማሽኑ ጋር ቆየ። ይቅርታ በአፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሰማው አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። እኛ ሰፈር ያሸነፈው ፕሌይስቴሽን ጨዋታው ሁሉ በኮፒ ሲዲ ነበር፤ ጎረቤቴ ከሚሰበስበው 50 ሳንቲም ለሶኒ አምስት ሳንቲም አልደረሰም። ስለዚህ የእኛ ጌም ቤቶች የሶኒ ስኬት ናቸው ማለት አልችልም። ግን ኮፒ እንኳ የሚደረገው ሰው የሚፈልገው ነገር ነው። የድሪምካስት ሲዲም ኮፒ ይደረግ ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን «ኮፒ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ይሄን ሁሉ ነግሬው ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ «ስትጀምሩ ለሱቆቹ ምን ብላችኋቸው ነበር?»

ቆየና «ለአንድ ዓመት ኮሚሽን አንቆርጥም ብለናቸው ነበር» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«በአምስተኛው ወር ጀመርን። ገንዘብ አልቆብን ነበር፣ ቲቸር። ከዚያ ሱቆቹ ሲያጉረመርሙ ቀነስነው፤ ከዚያ መልሰን ጨመርነው።»

«አሳወቃችኋቸው?»

«መተግበሪያው ላይ ጽፈን ነበር።»

ጠዋት ሲነሱ አገኙት ማለት ነው፤ እንደ እነዚያ የአሜሪካ ባለ ሱቆች። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጥሩ ነገር ሠርቷል፣ ገንዘብ አልቆበታል፣ ተጨንቋል። ሴጋም ተጨንቆ ነበር። ችግራችን ለእኛ ምክንያት ነው፤ ብሩን ጥሎ ለሚጠብቀው ሰው ግን የተበተነ ዕቁብ ነው።

የነገርኩት ይሄን ነው። አዲስ ነገር መሥራቱን ለጊዜው ተወው። ዝርዝሩን አውጣና የለቀቁህን ሱቆች በእግርህ ሂድባቸው። ቃል የገባህላቸውን ቀሪ ሰባት ወር ስጣቸው፤ የምትችለው ስድስቱን ከሆነ ስድስት በልና ስድስቱን ጠብቅ። ገንዘቡ ያማል፣ ማመም አለበት። ከዚህ በኋላ ደግሞ የምትቀይረው ነገር ካለ ከሁለት ወር በፊት በአካል ሄደህ ተናገር። መተግበሪያህ ከሌሎቹ መብለጡን አንድ ሱቅ ስታጣ እያስታወስክ አትጽናና። እኔም እጽናና ነበር።

ማክሰኞ ቴክስት ልኮልኛል፦ «11 ሱቅ አነጋገርን። ሦስቱ ተመለሱ። አንዱ ሰደበን።» የሰደባችሁን ደግማችሁ ሂዱበት አልኩት። የሚሳደብ ሰው ገና አልተወህም።

ድሪምካስቱ አሁንም እናቴ ቤት ቁምሳጥን ላይ አለ፣ ዳንቴሉም እንዳለ። ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጅ አወረደውና በትራንስፎርመር ሰካነው። ሠራ! ልጁ ሶኒክን ትንሽ ተጫወተና ቀና ብሎ አየኝ። «አጎቴ፣ ይሄ ኳስ የለውም?»

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ተሰማኝ።

እስቲ እናንተም አውሩን። ሰፈራችሁ የነበረው ጌም ቤት የማን ነበር? ምን ማሽን ነበረው? ለምንስ ተዘጋ?